ትሎቼን በጉርሻ ገደልኳቸው

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጅማ በእድራችን አዳራሽ፣ ትል ባልዲ ውስጥ አርብቶ ማዳበሪያ ስለማግኘት ያወራሁት ነው። ልጄ በስልኩ ቀድቶት ነበር፣ ጽፈሽ ላኪልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ድምፁን እያዳመጥኩ ገለበጥኩት። ሳቅና ጫጫታ የበዛበትን ዘልያለሁ፣ ያን ቀን የረሳሁትን ደግሞ አንዳንድ ቦታ ሸጎጥ አድርጌያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ይሰማል? ማይኩ ደስ ሲለው ነው የሚሰራው፣ ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡልኝ እጮሃለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላድርግና ከዛ እናወራለን። ይሄ ሰማያዊ ባልዲ አለ አይደል፣ ውስጡ ያለውን እዚህ በሩ ጋ ፀሐይ በምትገባበት ላስቲክ ላይ ገልብጬው በአራት ቦታ እንደ ጎጆ ክዳን ሾል ሾል አድርጌ እቆልለዋለሁ፣ እንዲህ። በቃ። ማንም አይንካው፣ ስንጨርስ እንመለስበታለን። አይ እማማ፣ አይሸትም፣ ጠጋ ብለው ያሽትቱት፣ የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር ነው የሚሸተው። አዩ?

እና የመጣሁበት ጉዳይ ትል ነው። ቡና ይዛችሁ ስለ ትል ማውራቴ ይቅርታ፣ ግን ሳስበው ጥላቻችን ከትሉ ይልቅ ከስሙ ጋር ይመስለኛል። ስጋው ተላ እንላለን፣ ጥርሴን ትል በላው እንላለን፣ የሐር ትል ካልሆነ በቀር ትል የሚባል ነገር ከደህና ነገር ጋር ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። በኦሮምኛ ራሞ ስትሉም ፊታችሁ ያው ነው የሚኮሳተረው። አማቴ እቤት መጥተው መጀመሪያ ያዩ ቀን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ይሄማ ወስፋት ነው! ልጆቹን ልትጨርሻቸው ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ላየው ሰው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ድቡልቡል ረዘም ያለ ለስላሳ ነገር ነው። ግን ወስፋት የሚኖረው ሰው አንጀት ውስጥ ነው፣ እንቁላሉ በሰገራ ይወጣል፣ ባልታጠበ እጅና ባልታጠበ ሰላጣ ተመልሶ ይገባል። ይሄኛው ግን ኑሮው የበሰበሰ ቅጠልና እበት ውስጥ ነው፣ ሰው ሆድ ውስጥ መኖር አይችልም፣ ጥርስም የለው አይነክስም። ባልዲው ውስጥ የሰው ወይ የውሻ ወይ የድመት ሰገራ እስካልጨመራችሁ ድረስ ወስፋት ከየትም አይመጣም። እጅ መታጠቡ ያው አፈር ነክታችሁ እንደምትታጠቡት ነው። አማቴ ዛሬ የሙዝ ልጣጫቸውን ለማንም አይሰጡም፣ ራሳቸው ናቸው በመዳፋቸው ይዘው ሄደው የሚያስቀምጡላቸው፣ ስም ያወጡላቸው እንደሆነም አላውቅም።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ይሄን ሥራ ማዳበሪያ መሥራት ይለዋል። እኔ ግን ከብት ማርባት ነው የምለው። ወተት የማይታለብ፣ የማይታረድ፣ ለእበቱ ብቻ የሚረባ ከብት፣ ማዳበሪያ የምንለው እኮ እበቱ ነው ሌላ ነገር የለም። ይሄን ለምን እላለሁ፣ ማዳበሪያ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ትሉን እንደ ወፍጮ ያየዋል፣ ብዙ ስትጨምርበት ብዙ ያወጣል ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይደፋበታል። ከብት ያረባ ሰው ግን ላሚቱን አንድ ቀን እርጥብ አዝመራ ውስጥ ብትለቃት ተነፍታ እንደምታድር ያውቃል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ላም አርብቼ አላውቅም፣ ስለዚህ የተማርኩት ገድዬ ነው።

ልንገራችሁ። አንድ ወዳጄ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ትል በብስኩት ካርቶን ሰጠኝ። ግማሽ ኪሎ ስል ወደ ሺህ የሚጠጋ ነፍስ ነው ወይም ከዛ በላይ፣ እንደ ትልቅነታቸው። ሰፈሬ ቦሳ ቂጦ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌያቸው፣ ሾፌሩ ኬክ ነው ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩት ምን ልበለው። ቤት ደረስኩ። እንግዳ ነው እንግዲህ የመጣው፣ እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ፣ ጉርሻ አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ሶስተኛው። ከዛፉ የወደቀ አቮካዶ ግማሽ ባልዲ አስገባሁ። አጋሮ ያለችው እህቴ ለጓሮሽ ብላ የላከችልኝን ትኩስ የእሸት ቡና ልጣጭ ጨመርኩ። የአራስ ቤት ገንፎ ተርፎ ነበር እሱንም። ክዳኑን ገጠምኩና ጠግበው ይደሩ ብዬ ተኛሁ።

በሶስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ግማሾቹ ክዳኑ ላይ ተለጥፈዋል። እየወጡ ነው፣ እንዴ ምን አጡ ብዬ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድ ሳደርግ እንደ ተዳፈነ ምድጃ ነው የሚሞቀው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ያልታጠበ የሕፃን ጨርቅ ዓይነት። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ የቀሩት ተጠማጥመው አንድ ቋጠሮ ሆነዋል፣ የተፈታ የሹራብ ክር ስትጠቀልሉት እንደሚሆነው። ያቺን ቋጠሮ አንስቼ ማውጣት ነበረብኝ፣ ግን ምን አደረግኩ፣ ውሃ ጠማቸው መሰለኝና ሁለት ጆግ ውሃ ቸለስኩባቸው። በአምስተኛው ቀን ትል የሚባል ነገር የለም። ቀልጠዋል፣ ትል ሲሞት ሬሳ እንኳን አይቀርም። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ "እማዬ በጉርሻ ገደልሻቸው" አለኝ። አስራ አንድ ዓመቱ ነበር ያኔ።

ምን ሆነው ነው የሞቱት? ትኩስ ልጣጭና ፍራፍሬ ሲከመር ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲሠሩበት ይግላል፣ የኮምፖስት ጉድጓድ የቆፈራችሁ ታውቁታላችሁ ጢሱ ይወጣል፣ 55 እና 60 ዲግሪ ይደርሳል። ትሉ ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚመቸው፣ ከ30 ካለፈ ይጨነቃል፣ 35 ላይ ይሞታል። ይሄ አንድ። ሁለተኛው አየር ነው። ሳንባ የለውም፣ በቆዳው ነው የሚተነፍሰው፣ ለዛም ቆዳው እርጥብ መሆን አለበት። ገንፎውና የተላቆጠው አቮካዶ አየር አላሳልፍ አለ፣ እኔ ደግሞ ውሃ ጨምሬ ጨረስኩት። አሰጠምኳቸው ማለት ነው፣ ውጭ ሊወጡ የሚታገሉትን።

ሶስተኛውን ያወቅኩት ኋላ ነው፣ በጣም የገረመኝም እሱ ነው። ትሉ አቮካዶውን አይበላም! ማለት እንደዛው ትኩሱን አይበላም። መጀመሪያ መበስበስ አለበት፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ሲያድርበት ያንን ነው የሚመገበው፣ የላላውንም አብሮ ይስበዋል። ጥርስ ስለሌለው ዶሮ ጠጠር ውጣ እህሏን እንደምትፈጨው ነው ሆዱ ውስጥ የሚፈጨው፣ ለዚህ ነው አንድ እፍኝ አፈር ወይም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጣል የሚደረግለት። ስለዚህ ዛሬ የጨመራችሁለት ምግብ የዛሬ ራቱ አይደለም፣ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። እና ዝም ሲላችሁ አልበላም አለኝ ብላችሁ ሌላ አትጨምሩ።

ስንት ይብላ ታዲያ? ኑሮው የተመቸው ትል በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል ይባላል፣ ግማሽ ኪሎ ትል ሩብ ኪሎ ማለት ነው። እናንተ ግን በዚህ አትጀምሩ። መጀመሪያው ወር የዛን ግማሽ፣ እሱንም በየቀኑ ሳይሆን በሶስት ቀን አንዴ፣ አንድ ጥግ ላይ ቀብራችሁ። በሚቀጥለው ሌላኛው ጥግ። የቀድሞውን ጥግ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ አቮካዶው አቮካዶ መሆኑ ከታወቀ ገና ነው፣ ክዳኑን መልሳችሁ ሂዱ። እኔ ቤት ሕጉ ይሄ ነው፣ ባለቤቴ ሲያልፍ ሲያገድም ጣል እንዳያደርግ ክዳኑ ላይ ድንጋይ አስቀምጫለሁ።

ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄደን ሁለት ሳምንት ቆየን፣ ሁሉም አልቀው ይሆን እያልኩ መንገድ ላይ ሁሉ ስጨነቅ መጣሁ። ከፈትኩት። እንደዛ ወፍረው አይቻቸው አላውቅም።

ቤቱ ቀላል ነው፣ ቶሎ ልለፈው። ባልዲ ይሆናል፣ የእንጨት ሳጥን ይሆናል፣ የቢራ ሳጥን ውስጡን በጆንያ ሸፍናችሁ ይሆናል። ጥልቅ ከሚሆን ሰፊ ቢሆን ይሻላል፣ ላይ ላይ ነው የሚኖሩት፣ 30 ሳንቲ ከበቂ በላይ ነው። ሚስማር በእሳት አግላችሁ ታቹንም ጎኑንም ትበሱታላችሁ፣ ሁለት ጡብ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ከስሩ ሳፋ። ማዳበሪያ ውስጥስ ይሆናል ወይ ብላ ጎረቤቴ ጠየቀችኝ፣ ማዳበሪያ ስትል ጆንያውን ነው፣ እኛ ጋ መቼም ጆንያውም ማዳበሪያ ውስጡ ያለውም ማዳበሪያ። ይሆናል አልኳት፣ ማዳበሪያ ውስጥ ማዳበሪያ፣ ግን የዩሪያ ጆንያ ከሆነ ደህና አድርገሽ እጠቢው።

ምንጣፉ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ካርቶን ቀዳዳችሁ ውሃ ውስጥ ትነክሩና ትጨምቁታላችሁ፣ ፕላስተሩን ልጡት። ደረቅ ቅጠል፣ ጭድ፣ ደረቅ የቡና ገለፈት ካላችሁ እሱም። ከዛ ትኩሳቱ የወጣለት የከረመ እበት፣ ሳምንታት የቆየ፣ እጃችሁን ስትሰዱበት የማይሞቅ። ሁሉንም ትቀላቅሉና አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ትጨምቃላችሁ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ጠብ ካለ ልክ ነው፣ ከወረደ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣ ደርቋል። ከላይ የኮባ ቅጠል ጣል አድርጉበት፣ በኔ እጅ ከኮባ የተሻለ ክዳን አላገኘሁም፣ እርጥበት ይይዛል፣ ትሎቹም ከስሩ ተኮልኩለው ነው የምታገኟቸው። የመጀመሪያው ማታ አዲስ ቤት ስለሆነባቸው ሊጠፉ ይሞክራሉ፣ ብርሃን ስለሚፈሩ አምፖል አብርታችሁላቸው እደሩ፣ ወደ ውስጥ ይገባሉ። መብራት ከሄደ እንግዲህ ጠዋት ከበረንዳው መልቀም ነው።

ትሉን ከጓሮ ቆፍረን እናምጣ የምትሉ አላችሁ፣ ባለፈውም ሁለት ሰው ጠይቆኛል። አይሆንም። ያ ግራጫማው አፈር እየቆፈረ ወደ ታች የሚሄደው ሌላ ነው፣ እሱ ባልዲ ውስጥ አይረባም፣ ጓሮው ውስጥ ተዉት እዛ ሥራ አለው። እኛ የምንፈልገው ላይ ላይ የሚኖረውን፣ የበሰበሰ ነገር ስር የሚሰበሰበውን ቀዩን ነው፣ ኤይሴኒያ ፌቲዳ ይሉታል በሳይንሱ፣ ቀጠን ያለ፣ ቀላ ብሎ በጎኑ ቢጫ ቢጫ ቀለበት ያለው። ከሚያረባ ሰው ነው የሚገኘው። አንዱን ለሁለት ብትቆርጡት ሁለት ይሆናል የሚባለው ደግሞ ውሸት ነው፣ ልጆች እንዳትሞክሩ። ሁሉም ወንድም ሴትም ናቸው ግን ለመራባት ሁለት መሆን አለባቸው። እንቁላል ማቀፊያቸውን ኋላ አሳያችኋለሁ።

ደግሞ ጅማ ላይ መኖራችንን አትናቁት። ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፣ ቀኑ አያቃጥል ሌሊቱ አይቆረፍድ፣ ቆላ ያለ ሰው ትሉን ለማቀዝቀዝ ስንት ፍዳ ነው የሚያየው። እኛ ጋ የሚያስቸግረው ዝናቡ ነው፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት እንዳሻው፣ ስለዚህ ከጣሪያ ስር፣ በረንዳ ወይ ማድ ቤት ጀርባ። የኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ደግሞ ቀዝቀዝ ስለሚል ጆንያ ደረብ አድርጉላቸው፣ ትንሽ ይሰንፋሉ እንጂ አይሞቱም።

ምግቡ ጋ ስንመጣ ጅማ ሀብታም ነው። አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የዱባ ውስጥ። ረመዳን ሲሆን ሐብሐብ ነው ሰፈሩ ሁሉ፣ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ከጎረቤቶቼ የሐብሐብ ልጣጭ በፌስታል ይመጣልኛል፣ ትሎቹ ለሐብሐብ ያላቸውን ፍቅር ለማንም የላቸውም፣ ልጣጩ ውስጥ ገብተው ውስጡን በልተው እንደ ወረቀት ያሳሱታል። ግን ውሃው ብዙ ስለሆነ ደረቅ ካርቶን አብራችሁ ካልጨመራችሁ ባልዲው ይጨቀያል።

ከዛ ቡና። አቦል ቶና በረካ ተጠጥቶ ጀበናው ስር የሚቀረው አተላ ለትል ጥሩ ነው፣ ከሌላው ምግብ አምስተኛው እጅ እስካልበለጠ ድረስ። አንድ ነገር ግን በደንብ ስሙኝ። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፣ እናቶቻችን ቡና በጨው ነው የሚጠጡት አይደል፣ የኔም እናት። ጀበናው ውስጥ ጨው ከገባበት አተላውን ባልዲው ጋ እንዳታደርሱት። ጨው ቆዳው ላይ ሲያርፍ ውሃውን መጥጦ ያወጣዋል፣ ትሉ እዛው ይኮማተርና ያልቃል። በዚሁ ምክንያት ወጥ የነካው ነገር አይገባም። እንጀራ ደረቁን ትንሽ ይሆናል፣ ሽሮ የነካው አይሆንም። ጾም ነው ስጋ የለበትም ብላችሁ የምስር ወጥ እንዳትገለብጡ፣ ዘይቱም ጨውም በርበሬውም እዛ አለ። ስጋና ቅቤ አይጥ ይጠራል። ሎሚና ብርቱካን ልጣጭ፣ ሽንኩርት በብዛት፣ አይወዱትም።

ገረባስ፣ የጫቱ ትራፊ? ጠብቄው ነበር ይሄን ጥያቄ። ጅማ ላይ ተቀምጦ ገረባን አለማሰብ አይቻልም፣ ጠዋት ጠዋት በየበሩ ክምር ነው። እንጨቱ ለትል አይሆንም፣ ቅጠሉ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ጫት ላይ መድሃኒት እንደሚረጭ ሁላችንም እናውቃለን፣ ምን እንደተረጨበት ያላወቅኩትን ነገር ለከብቴ አልሰጥም። ጫቱ ከራሳችሁ ጓሮ ከሆነና ምንም ካልተረጨበት ራሳችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ገረባን ለብቻው በጉድጓድ ነው የማበሰብሰው። አዌቱ ወንዝ ውስጥ ከሚጣል ይሄም አንድ ነገር ነው።

አሁን አፈሩ። ጓሯችሁን ስትቆፍሩ ቀይ ነው አይደል፣ ልብስ ላይ ከወጣ የማይለቅ። ያማረ አፈር ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ግን ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ዘመን ከዘመን እያጠበ ስለወሰደው አሲዳም ነው። አሲዳም ሲሆን ውስጡ ያለው ብረትና አልሙኒየም ፎስፈረሱን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ማዳበሪያ ገዝታችሁ ትጨምራላችሁ፣ አፈሩ ይቆልፍበታል፣ ተክሉ አጠገቡ ቆሞ ይራባል። ብር ባንክ አስገብቶ ካርዱን እንደመጣል ነው። የትል እበት እዚህ ጋ የሚጠቅመው ለተክሉ ምግብ ስላለው ብቻ ሳይሆን ብስባሹ ያንን ብረትና አልሙኒየም ስለሚይዝልን፣ ፎስፈረሱ በመጠኑ ነፃ ስለሚሆንም ጭምር ነው። ውሃም ይይዛል። ግን አልዋሻችሁም፣ ክፉኛ አሲድ የሆነ መሬት ኖራ ይፈልጋል፣ ትል ኖራን አይተካም። ለአንድ ሄክታር በቆሎም አይበቃም፣ ስንት ቶን ልታመርቱ ነው። ይሄ ለጎመን፣ ለቃሪያ፣ ለቡና ችግኝ፣ ለበረንዳ አበባ ነው። በቲክቶክ በስድስት ወር ሚሊየነር ትሆናላችሁ የሚሉትን እኔ አላልኩም።

በነገራችን ላይ ትልን ከቁም ነገር የቆጠረው የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። ዳርዊን አለ አይደል፣ ስለ ዝንጀሮ የምትጣሉበት ሰውዬ፣ እሱ የመጨረሻ መጽሐፉን የጻፈው ስለ መሬት ትል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1881፣ ሊሞት መንፈቅ ሲቀረው። ቤቱ ውስጥ በማሰሮ አስቀምጧቸው ልጁ የሙዚቃ መሣሪያ ይነፋላቸው ነበር ይሰማሉ ወይ ብሎ። አልሰሙትም። ማሰሮውን ፒያኖው ላይ አስቀምጦ ፒያኖው ሲመታ ግን ዘለው ጉድጓዳቸው ገቡ፣ ንዝረት ነው የሚገባቸው። በሱ አገር አፈር ውስጥ በአንድ ኤከር፣ ግማሽ ሄክታር በማይሞላ መሬት፣ በዓመት ከ10 ቶን በላይ አፈር በትል ሆድ ውስጥ እንደሚያልፍ ገምቶ ነበር። እሱ ያጠናው ያንን ቆፋሪውን ነው፣ ጓሮ ተዉት ያልኳችሁን። ይሄን ለአማቴ ስነግራቸው "ሥራ የፈታ ፈረንጅ" ብለው አለፉት።

አጠቃቀሙ ላይም ያው ጉርሻ ያጠፋል። ችግኝ ስትተክሉ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ሁለት እፍኝ ይበቃል። ለፖት ከሆነ አንድ እጅ የትል ብስባሽ ለአራት እጅ አፈር፣ ብቻውን ብትሞሉት ችግኙ ይቀጭጫል፣ ሞክሬዋለሁ። ከስሩ ሳፋው ላይ የሚጠራቀመውን ቡናማ ውሃ ከ10 እጥፍ ውሃ ጋር ቀጥናችሁ አፈሩ ላይ አፍስሱት፣ ጥሬ ለሚበላ ቅጠል ግን ከላይ አትርጩ። አንድ ሌላ ነገር፣ የትል ባልዲ ስለማይግል የአትክልት ዘር አይሞትበትም። ባለፈው ዓመት ያንን ብስባሽ የጨመርኩበት የጽጌረዳ ፖት ሁሉ ቲማቲም አበቀለብኝ፣ ጽጌረዳዬን አጥቼ ሱጎ ሠራሁ።

ጥያቄ ካላችሁ እጅ አውጡ። እሺ ጋሼ፣ ጉንዳን። ጉንዳን የመጣበት ባልዲ ደርቋል ማለት ነው አብዛኛውን ጊዜ፣ ውሃ ርጩበት። ከዛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና አራቱን እግር ውሃ የተሞላ ጣሳ ውስጥ አቁሙት፣ ጉንዳን ውሃ አይሻገርም። ግን ጠረጴዛው ግድግዳ እንዳይነካ፣ እኔ ይሄን ረስቼ በግድግዳው መጡብኝ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ በባትሪ ስዋጋ አደርኩ። ዶሮ? ዶሮማ ጠላት ናት፣ የጎረቤቴ ዶሮ ክዳን መክፈት ተምራለች ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ድንጋዩ ለባለቤቴ ብቻ አይደለም። ትንንሽ ዝንብ ከበዛ ምግቡን ሳትቀብሩት ትታችኋል፣ ካርቶን አልብሱት። ከሸተተ ደግሞ ምግብ አቁሙ፣ ደረቅ ካርቶን ጨምሩ፣ ገለባበጥ አድርጉትና ሳምንት ተዉት። አንዴ ብቻ ይሄን እመኑኝ፣ መተው ከባድ ነው ግን ይድናል። ስንት ጊዜ ይፈጃል ላልሽኝ፣ የመጀመሪያው ሶስት አራት ወር ነው፣ ከዛ እየፈጠነ ይሄዳል፣ እነሱም በሶስት ወር ገደማ እጥፍ ይሆናሉ።

ኑ እንግዲህ ወደ ክምሩ። ልጆች ከፊት ሁኑ፣ ጥላችሁን አትጣሉበት። ያኔ ስደፋው ላይ ላይ ሲርመሰመሱ አይታችኋል፣ አሁን አንድ ይታያችኋል? የለም። ዓይን የላቸውም፣ ቆዳቸው ነው ብርሃኑን የሚያውቀው፣ ሁሉም ወደ ታች ወርደዋል። ስለዚህ ከላይ በእጄ እንዲህ እገፍፈዋለሁ፣ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የተቆላ ቡና ሸካራ ተወቅጦ ሲቀር ይመስላል። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እገፍፋለሁ። ክምሩ እያነሰ እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ላስቲኩ ላይ የሚቀረው... ይኸው። እሪ አትበሉ፣ ትፈራላችሁ ከነሱ በላይ። ይቺን እዩልኝ ግን፣ ጣቴ ጫፍ ላይ፣ ከምስር የምታንስ ሎሚ የምትመስል ቢጫ ነገር። እንቁላል ማቀፊያቸው ናት፣ ሶስት ሳምንት ገደማ ቆይታ ትቀላለች፣ ሁለት ሶስት ነጭ ክር የመሰለ ልጅ ይወጣባታል። ከብስባሹ ጋር ጓሮ እንዳትጥሏት፣ መልሱልኝ።

አንድ አንድ እፍኝ ለአስር ሰው ይበቃል፣ መያዣ ያመጣችሁ ተሰለፉ። እማማ በነጠላ አይሆንም፣ ይቺን ጣሳ እንኩ። አንተ ፌስታሉን ብሳው፣ አየር። እናንተዬ፣ ያኛው ጣሳ ምን ነበረበት? ጨው? ኧረ አጥበሽው ነይ፣ ተራሽን እይዝልሻለሁ።